የሳጥን ሠሪው ሒሳብ

እኔ ሥዕል አላውቅም፤ የማውቀው እንጨት ነው።
ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ድልድይ ማዶ ነው ቤቴ፤
ሳጥን እሠራለሁ፣ ይኸው ነው ዕውቀቴ፤
የሙሽራ ሳጥን፣ የዱቄት፣ የሬሳ፣
አንዱን ሳልጨርሰው ሌላው እየተነሣ።

በአሥራ አንድ፣ በጥር፣ ዘሀራ ሽፋው መጣች፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በጡረታ የወጣች።
ሠላሳ ዓመት ከማሽን ሥር የለቀመችውን ብጥስጣሽ ክር
ሰፍታ፣ ቀጥላ፣ ደርባ፣ አሳክላዋለች አገር።
ጦሳን ያየሁበት መሰለኝ፣ ጉሙን እንደለበሰ፤
ወይ ደግሞ የነሐሴ ቦርከና፣ ድልድይ እያፈረሰ።
«ምንድን ነው?» አልኳት።
«እንጃ» አለች፣ «ገና አልነገረኝም።»

ባሕር ማዶ አንድ ከተማ፣ በየሁለት ዓመቱ
የዓለም ጠቢብ ይጠራል አሉ፣ ሲከፈት ቤቱ፤
ሰዉ ይጎርፋል ልክ እንደ ደሴ ሰኞ ገበያ፣
የሚሸመት ግን የለም፤ ዐይን ነው መገበያያ።

ሳጥኑን ሠራሁ። ወረቀት መጣ ከዚያው፦
«ተባይ እንዳይኖርበት እንጨቱ ይታከም» የሚለው።
ባሕር ዛፌን እንደ በሽተኛ አዲስ አበባ ላክሁት፤
እሳት አሙቆት፣ «ጤነኛ» የሚል ማኅተም መቱበት።
ሳጥኑም ሄደ፣ እሷም ሄደች፣ በክረምት ተመለሱ።
«እንዴት ነበር?»
«እግሬን አሞኛል» አለች። «ሰዉ ቆሞ ያያል፣ አይነጋገርም፤
መጀመሪያ ለቅሶ ቤት መስሎኝ ነበር።»

ሁለተኛው ሳጥን አልሄደም። ኮሮና ሆነ።
ዐውደ ርዕዩ ለከርሞ ተባለ፣ በሩ ተከደነ።
ከሱቄ ጥግ ቆሞ ዶሮ ተኛበት፣
ሚስቴም አንድ ጧት ዕንቁላል አገኘችበት።
«ይኸውልሽ» አልኳት፣ «ተመረቀ!»

ከዚያ የጥቅምቱ መጣ። ስሙን አልጠራውም።
በሌሊት ወደ ሐርቡ ስንወርድ፣ ማንም ማንን አላየም፤
ዘሀራ ክሯን በነጠላ ቋጥራ፣ ቤቷን ሳትቆልፍ።
በታኅሣሥ ስንመለስ ኮምቦልቻ፣
ግማሹ ሳጥን ነዶ፣ አመዱ ቀርቷል ከጉልቻ።
ክዳኑን ግን ቃሬዛ አድርገውት፣ ከጤና ጣቢያው ደጅ
አገኘሁት ተጋድሞ። ደም ደርቆበታል።
በእጄ የጻፍኩት ቀይ ቀለም አልጠፋም፦
ተሰባሪ ነው። ቀስ ብላችሁ ያዙ።

ያን ወር የሠራሁት ሳጥን ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር።
ዋጋ አልጠየቅሁም።
ዐውደ ርዕዩ በሚያዝያ ተከፈተ አሉ፤
እኛ መስኮት እንገጥም ነበር።

በአሥራ ስድስት ደግመው ጠሯት። ያንኑ ክር ፈትታ፣
ጥላሸቱን ሳታጥበው፣ እንደገና ሰፍታ፣
መጣች። እንጨት ቆረጥሁ። እንጨቱም ታከመ፣
ደረቱ ላይ በማኅተም «ጤነኛ» ታተመ።
እሷ ግን ሦስት ቀን ከኤምባሲው አጥር ሥር ተሰልፋ፣
«መመለስሽን የሚያሳይ ማስረጃ የለሽም» ተባለች በይፋ።
ስድስት የልጅ ልጅ፣ አንድ ላም፣ ያልታረመ ጎመን፣
ለባሕር ዛፌ ያመኑትን ለእሷ ማን ይመን!
«አብሽሪ» ብላት፣ ቃሉ ከአፌ ወርዶ ወለሉን መታ።
እሷ ሣቀች፦ «ጀማነህ፣ ለሚቀጥለው ወርዱን ጨምር፤
ማኅተም ካለው እንጨት ውስጥ ገብቼ ነው የምሄደው።»

ሳጥኑ ብቻውን ሄደ።

በሰኔ ስልኳ ላይ ፎቶ መጣ። ሰው ተኮልኩሏል፤
ክሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ያምራል፣
ግን ግማሹ ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ሌላ ነገር ያያል፦
የሳጥኔን ክዳን። ከውስጥ በኩል፣
በአናጢ እርሳስ የሞነጫጨርኩትን፣ ልፍቀው ብዬ የረሳሁትን፦

ኮምፔንሳቶ ሦስት።
ሚስማር ግማሽ ኪሎ፣ የተቃናም አለበት።
ማጠፊያ ሁለት፣ ከአያ ሙሄ በብድር።
ጉልበት፦ በኋላ።

ሰዎቹ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የእሷ ሥራ አካል መስሏቸው፣
ተርጉመውት፣ ከሥሩ በትንሽ ካርድ ለጥፈውት።
አንድ መስመር ብቻ እንዳልገባቸው፣
እባክዎ ያብራሩልን ብለው፦
«በኋላ» ማለት መቼ ነው?

ዘሀራ ስልኩን ሰጠችኝ።
እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አወረድሁ፣
መልሼ ሰካሁት።